ሴለስተን ፍሬኔና የሠራተኛው ልጅ ትምህርት

ትምህርት ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ብዙ ሊቃውንት መርምረውታል። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ፥ መልሱን በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ ስላሳየው ስለ ፈረንሳዊው መምህር ስለ ሴለስተን ፍሬኔ ባጭሩ ለመጻፍ አሰብን። ዘመኑ ሁሉ የተቆጠረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ፍሬኔ በ1896 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ፥ ጋር በምትባል የተራራ መንደር ተወለደ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ በ1917 ዓ.ም. ሳንባውን ቆሰለ። በ1920 ዓ.ም. በባር ሱር ሉ ማስተማር ሲጀምር ትንፋሹ እያጠረው ለረጅም ሰዓት መናገር አልቻለም። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ወደ እርሻው፥ ወደ ሸማኔውና ወደ አናጢው ቤት ይወጣ ጀመር። ልጆቹም ሲመለሱ ያዩትን በገዛ አንደበታቸው ይናገሩ፥ ይጽፉም ነበር።

በ1924 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ ማተሚያ መኪና ገዝቶ ወደ ክፍሉ አስገባ። ልጆቹ የጻፉት በክፍሉ ፊት ይነበባል፤ በድምፅ ብልጫ የተመረጠውም ስሕተቱ በአንድነት ከታረመ በኋላ ይታተማል። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ የሚለቅም ልጅ ቃሉን ሳያጣራ ማለፍ አይችልምና፥ ጨዋታ የሚመስለው ሥራ ብርቱ የሰዋስው ትምህርት ሆነ። ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮም በብሬታኝ ጠረፍ፥ በትሬጉንክ ካለ ትምህርት ቤት ጋር ጽሑፋቸውን ይለዋወጡ ነበር። የደጋው ልጅ ስለ ዓሣ አጥማጁ ኑሮ ያነበበው ከዓሣ አጥማጁ ልጅ እጅ ነው።

ይህን ሐሳብ ከሠራተኞች ንቅናቄ ለይቶ ማየት አይቻልም። ፍሬኔ የመምህራን ሠራተኞች ማኅበር አባል ነበር፤ በ1925 ዓ.ም. ከማኅበርተኞች መልእክተኞች ጋር ሶቪየት ኅብረትን ጐበኘ፤ በዚያው ዘመንም ወደ ኮሙኒስት ፓርቲ ገባ። በ1923 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሞንትሩ በተደረገው የአዲስ ትምህርት ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አዲስ ይባሉ ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ገንዘብ ላለው የተሠሩ ነበሩ። እርሱ የፈለገው ይኸው ጥበብ ለድኻው የመንደር ትምህርት ቤት እንዲዳረስ ነው። ስለዚህ መምህራኑ ገንዘባቸውን አዋጥተው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማተሚያውን፥ ፊደሉንና የማስተማሪያ ካርዱን ራሳቸው እያሠሩ ተከፋፈሉ። መሣሪያው የሚሠራበት ሰው ይሁን የሚለው የሠራተኞች እምነት በዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ የድኻ ልጅ ሲናገር የሚቈጣ አይጠፋም። ፍሬኔ በ1928 ዓ.ም. ወደ ሴን ፖል ተዛውሮ ነበር። በዚያም አንድ ተማሪ፥ የከተማው ሹም የትምህርት ዕቃ አልከፍልም በማለቱ ተማሪዎች ሲያምፁበት ያየውን ሕልም ጻፈ። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ጠላቶቹ ይህን ጽሑፍ በየግድግዳው ለጠፉት፤ ጋዜጦችም ነገሩን አራገቡት። በ1933 ዓ.ም. ፍሬኔ ከቦታው ተነሣ። እርሱና ባለቤቱ ኤሊዝ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ በ1935 ዓ.ም. በቫንስ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜም ስደተኛ ልጆችን ተቀበሉ። በ1940 ዓ.ም. ተይዞ በግዞት ሰፈር ቆየ፤ በ1941 ዓ.ም. ከተለቀቀ በኋላም ከአርበኞች ጋር ተሰለፈ።

ከጦርነቱ በኋላ የነቀፉት የገዛ ፓርቲው ሰዎች ናቸው። የሠራተኛው ልጅ ያየውን ብቻ እየጻፈ ከቀረ፥ የተደላደለ ዕውቀት ከየት ያገኛል? አሉት። ይህ ነቀፋ በእኛ አስተያየት ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ሒሳብና ሳይንስ በመንደር ጉብኝት ብቻ አይገኙምና። ሆኖም የሌላውን ዕውቀት ብቻ ተሸክሞ የራሱን ቃል የማያውቅ ተማሪም ሙሉ ሰው አይባልም። ፍሬኔም መንገዱን ሳይለውጥ ከፓርቲው ተለየ፤ በ1966 ዓ.ም. በቫንስ አረፈ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስንት ማርክ አገኘህ ብቻ ሳይሆን ምን አየህ፥ ምንስ ጻፍህ ብላችሁ ጠይቁት። እኛም ተማሪዎች ይህ መጽሔት ሲታተም ስማችን ስለ ወጣ ብቻ ደስ አይበለን፤ የጻፍነው እውነት መሆኑን፥ ለጐረቤታችንም የሚጠቅም መሆኑን እንመርምር።