የኬሚስቶቹ አዞ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አርባ ምንጭ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ፀሐይ ላይ ያለ ቅቤ የሚቀልጠው በሙቀቱ ነው ወይስ በብርሃኑ?" አለችኝ። "በሙቀቱ ነዋ! ብርሃን ደግሞ ምን ያቀልጣል?" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷም ዝም ብላ ተቀመጠች።

ስለ ቅቤው ልክ ነበርኩ። ስለ ብርሃኑ ግን ተሳስቻለሁ። ይሄ ጽሑፍ ለእሷ የዘገየ መልስ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአዞ ነው። ጫሞ ዳር አፉን ከፍቶ ፀሐይ የሚሞቀውን የእኛን አዞ ማለቴ አይደለም 😄። የፈረንሳይ ኬሚስቶች ናይትሮጅንን "አዞት" አሉት፤ ከግሪክ የመጣ ነው፣ "ሕይወት የለሽ" እንደ ማለት። ሁለት የናይትሮጅን አተሞች በድርብ ትስስር የተያያዙባቸው ውህዶችም "አዞ" የሚለውን ስም ከዚያ ወረሱ። ዛሬ አብዛኞቹ ሰው ሠራሽ የጨርቅ ማቅለሚያዎች የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

አዞቤንዚንን እ.ኤ.አ. በ1834 የሠራው ጀርመናዊው ሚቸርሊኽ ነው። እኛ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበርን። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ አዲስ አበባ የየካቲት 12ን ሐዘን በተሸከመችበት ዓመት፣ ለንደን ውስጥ ሃርትሊ የተባለ ኬሚስት አንድ ነገር አሳየ፦ ቀጥ ያለው የአዞቤንዚን ሞለኪውል ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ክርን ይታጠፋል።

አሁን ወደ ጥያቄዋ እንምጣ። ፖሊመር ማለት እንደ ዶርዜ ሸማኔ ድር የረዘመ የሞለኪውል ክር ነው። በ2017 በጀርመን ማይንዝ፣ በማክስ ፕላንክ የፖሊመር ምርምር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች በክሩ ላይ አዞቤንዚን የተንጠለጠለበትን ፖሊመር ውጤት አሳተሙ። አልትራቫዮሌት ሲበራበት አዞዎቹ ይታጠፋሉ፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ጠጣሩ ሳይሞቅ በክፍል ሙቀት ይፈሳል። በሚታይ ብርሃን ሲመቱት ደግሞ ተመልሶ ይጠጥራል። የተሰነጠቀውን ፖሊመር በብርሃን ብቻ ጠግነውታል!

ስልክ ጠጋኞች በመብራት የሚያደርቁትን ሙጫ፣ የጥርስ ሐኪም በሰማያዊ መብራት የሚያጠነክረውን ሙሊት ታውቃላችሁ። እነዚያ አንዴ ከጠነከሩ በብርሃን አይመለሱም። ይሄኛው ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል።

እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽ፦ የዚያን ቀን "ለምን ጠየቅሽ?" ብልሽ ኖሮ ምናልባት አብረን እንፈልገው ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌሎቻችሁም በክፍሌ ተስቆባችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ጥያቄያችሁን እዚህ ሥር ጻፉልኝ። አሁን አልቸኩልም።