ከአባርሳ እስከ ዓሣ ዕንቁላል

ነቀምትም ይሁን ጊምቢ፣ ነጆም ይሁን ደምቢ ዶሎ ያደግን ሰዎች ይህችን ነገር እናውቃታለን። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ያላት እናት በገበያ ቀን ልጇን በነጠላ ሸፍና ትወጣለች፤ ወይም ጭራሽ አትወጣም። ጎረቤት ደግሞ ምክንያት አያጣም፤ "አባርሳ ነው" ይላል፣ እርግማን ማለቱ ነው። የማን እርግማን? ብላችሁ ስትጠይቁ ጣቱ ዞሮ ዞሮ እናትየው ላይ ያርፋል። አርግዛ ሳለች ያየችው፣ የበላችው፣ የረገጠችው ሁሉ ይቆጠርባታል። አባትየውን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

ወለጋ ለሕክምና እንግዳ አገር አይደለም። ስዊድኖቹ ነቀምት፣ ጀርመኖቹ አይራ፣ አድቬንቲስቶቹ ጊምቢ ላይ ሚሲዮን ይዘው መጥተው ሕክምና ጀምረዋል። ነገር ግን ከንፈር መስፋት ሌላ፣ ለምን ተሰነጠቀ ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። የሕፃኑ ከንፈር የሚገጥመው በሰባተኛው ሳምንት ገደማ፣ እናትየው ማርገዟን በቅጡ ሳታውቅ ነው። ላንቃው ደግሞ እስከ 12ኛው ሳምንት ይዘጋል። እዚያ ገብቶ የሚያይ የለም። ሳይንሱ አይጥ ዘንድ የሄደው ለዚህ ነው።

በ1951 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ውስጥ ክላርክ ፍሬዘርና ባልደረባው ለእርጉዝ አይጦች ኮርቲዞን ወጉ። ግልገሎቹ ላንቃቸው ተሰንጥቆ ተወለዱ። የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። በአንደኛው የአይጥ ዘር ሁሉም ማለት ይቻላል ሲሰነጠቅባቸው፣ በሌላኛው ዘር ከአምስት አንዱ ገደማ ብቻ ነበር የተጎዳው። መድኃኒቱ ያው፣ ዘሩ ግን የተለየ! እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም የምንወደው ምዕራፍ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ጂኖቹን በስም መጥራት ተጀመረ። በ2002 ከአንድ ዕንቁላል ከተፈጠሩ መንትዮች፣ አንዱ ቫን ደር ውድ የተባለው የዘር ችግር ኖሮበት ሌላው ግን ነፃ በሆነበት ጥንድ ላይ፣ አይአርኤፍ6 የተባለ ጂን ተበላሽቶ ተገኘ። በ2006 ይኸው ጂን የጠፋባቸው አይጦች ቆዳቸው በወጉ ሳይበስል፣ የአፋቸው ሥጋም መጣበቅ የሌለበት ቦታ ተጣብቆ ታየ።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ከንፈርና ላንቃ የሚጠግኑት ሐኪም ዶ/ር መኮንን እሸቴ ስማቸው በመጀመሪያ የተጻፈበት አንድ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከጋና፣ ከኢትዮጵያና ከናይጄሪያ የተውጣጡ፣ ላንቃቸው ብቻ የተሰነጠቀ 134 ሰዎች ላይ ጂአርኤችኤል3 የተባለው ጂን ተነበበ። ከዚያ በፊት የትም ያልታዩ አምስት ለውጦች ተገኙ። ለውጥ መገኘቱ ብቻ ግን ጥፋተኛ አያደርገውም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ጂኑን ወደ ዜብራ ዓሣ ሽል አስገቡት።

ዓሣ ከእኛ ላንቃ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የተፈለገው ሽሏን የሚሸፍነው ስስ የውጭ ቆዳ ነው፤ የሰውም ሽል አፍ ውስጥ ተመሳሳይ ሽፋን አለ፣ ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ የሚጠብቀው። ደግሞም የዓሣዋ ዕንቁላል ከእናቲቱ ውጭ ያድጋል፣ ብርሃንም ያሳልፋል፤ የተጠየቀውን ሁሉ በማይክሮስኮፕ ያሳያል። ከዓሣውና ከላቦራቶሪው ፈተና በኋላ አራቱ ለውጦች ጂኑን ሥራ ያስፈቱ ወይም ያዳከሙ ሆነው ተገኙ። አምስተኛው ከዚያም ብሶ ጤነኛውን ጂን እንዳይሠራ ያውካል።

አሁን የምንፈራው ነገር መጣ። ከአምስቱ ለውጦች አራቱ በልጆቹ እናቶች ላይም ተገኝተዋል። ጎረቤታችን ይህን ቢሰማ "አላልኳችሁም?" ሊለን ነው። ታዲያ ቀጥሎ የተጻፈውንም ያንብብ፦ እነዚያ እናቶች ላንቃቸው ደህና ነው። ያንኑ ጂን ተሸክመው ተወልደው፣ አድገው፣ ወልደዋል። ጂኑ ብቻውን አይፈርድም ማለት ነው፤ ሌላ ጂን፣ ሌላ ሁኔታ፣ ዕድልም ይጨመርበታል፣ ልክ እንደ ፍሬዘር አይጦች። ማንም ደግሞ ጂኑን መርጦ አልወሰደም።

በ2019 በእነዚሁ ሦስት አገሮች የተሠራ ሰፋ ያለ ጥናት ኤስዩኤልቲ2ኤ1 ከሚባል ጂን አጠገብ አዲስ ፍንጭ አገኘ። ጂኑ በአይጥ ላንቃ ውስጥ እንደሚሠራ በዓይን ታይቷል። ላንቃ ሲገጥም የሚሠራው ምን እንደሆነ ግን ገና ይጠናል። ነቀምት ላይ ነጠላዋን ገልጣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ የምትጓዝ እናት ግን ይህ እስኪታወቅ አትጠብቅም፤ አውቶቡሱ በማለዳ ይነሳል።