ልሳን በእጅ፥ ጆሮ በዓይን
ጆሮአቸው የማይሰማ ሕፃናት ቋንቋንና ፊደልን ያገኙበት ታሪክ

ሕፃን የመጀመሪያውን ቋንቋ የሚማረው በመምህር ፊት ተቀምጦ አይደለም። እናቱ ስታባብለው፥ ጎረቤት ሲጫወት፥ ታላላቆቹ ሲጣሉና ሲታረቁ በጆሮው እየለቀመ ሳያውቀው የቋንቋ ባለጸጋ ይሆናል። ኋላም መምህሩ ሀ ሁ ሂ እያለ ፊደል ሲያስቈጥረው፥ አስቀድሞ በልቡ ያለውን ድምፅ ከምልክቱ ጋራ ያገናኛል እንጂ አዲስ ቋንቋ አይማርም። ጆሮው ለተዘጋ ሕፃን ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። ስለዚህ ከቀድሞ ሰዎች ብዙዎቹ ጆሮ ከሌለ ልቡና የለም ብለው ፈረዱ። ሐዋርያው ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ስለ መስማትና ስለ እምነት የተናገረውንም ምሥጢሩን ትተው ንባቡን ብቻ በመያዝ፥ የማይሰማ ሰው አይማርም ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ ዘመዶቹ በምልክት ጠየቁት፥ እርሱም የልጁን ስም ጽፎ መለሰላቸው። እጅና ጽሕፈት የአንደበትን ሥራ እንደሚሠሩ ወንጌል አስቀድሞ መስክሮ ነበር።

ያን ፍርድ በሥራ ካፈረሱት መካከል ቀደምት የሆነው በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው እስጳንያዊ መነኵሴ ጴድሮ ፖንሴ ዴ ሌዎን ነው፤ በዚህ ታሪክ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ፖንሴ የኖረው በቡርጎስ አጠገብ ባለው በኦኛ ገዳም ነበር። የቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኰሳት በአርምሞ ሰዓት በእጅ ምልክት ይግባቡ ስለ ነበር፥ እጅ ሊናገር መቻሉ ለእርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ቬላስኮ ከተባለው ከታላቅ መኳንንት ቤት የተወለዱ የማይሰሙ ወንድማማቾች ወደ እርሱ መጡ። እርሱም አስቀድሞ የነገሩን ስም እየጻፈ ነገሩን በጣቱ ያሳያቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንደበታቸውን ለድምፅ ያለማምዳቸው ጀመር። ፖንሴ በ1584 ዓ.ም. ሞተ። በ1620 ዓ.ም. ኹዋን ፓብሎ ቦኔት የጣት ፊደል ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ በማድሪድ አሳተመ።

ይህ ትምህርት ግን የባለጸጎች ልጆች ዕድል ነበር። ለድኾች በሩን የከፈተው ፈረንሳዊው ካህን ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ ነው። በ1760 ዓ.ም. ገደማ በፓሪስ ሁለት የማይሰሙ እኅትማማቾች አገኘ። ቀድሞ በሥዕል ያስተምራቸው የነበረው ካህን ስለ ሞተ ያለ መምህር ቀርተው ነበርና አዘነላቸው። ከዚያም ቤቱን ትምህርት ቤት አድርጎ፥ ድኻ ሀብታም ሳይል፥ ያለ ዋጋ ያስተምር ጀመር። ልጆቹ ከሚነጋገሩበት ምልክት ላይ የፈረንሳይን ሰዋስው የሚያሳይ ሌላ ምልክት እየጨመረ አጻጻፍን አስተማራቸው። ተማሪዎቹ በምልክት የተነገራቸውን ሁሉ ሳይሳሳቱ ይጽፉ ነበር፤ የራሳቸውን አሳብ አመንጭተው መጻፍ ግን ያስቸግራቸው ነበር። የሰው ቅኔ በቃሉ ይዞ የራሱን መቀኘት የተሳነውን ተማሪ ያየ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል፤ ፊደል ያለ ቋንቋ ፍሬ የሌለው ገለባ ነውና።

ይህ ነገር በዣን ማስዩ ሕይወት ተገልጦ ይታያል። ማስዩ በ1772 ዓ.ም. ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ፤ እርሱም ወንድሞቹና እኅቶቹም አይሰሙም ነበር። እርስ በርሳቸው ግን በምልክት ይነጋገሩ ነበርና በቤታቸው ቋንቋ አልጠፋም። ማስዩ ኋላ እንደ ተናገረው፥ ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሰደው አባቱን በዕንባ ለመነ፤ መጽሐፍ አንሥቶ አለማወቁን ለማሳየት ገልብጦ ያዘው፥ ተማሪም መስሎ በብብቱ ሥር አደረገው። አባቱ ግን አንተ አትሰማምና ምንም ልትማር አትችልም ብሎ በምልክት መለሰለት። እስከ 13 ዓመቱ ፊደል ሳይማር ቆየ። ከዚያ በኋላ ግን ሲካር በሚባል ካህን ዘንድ ተምሮ ሊቅ ሆነ፥ ራሱም መምህር ሆነ። አባቱ ያላስተዋለው፥ ልጁ በዚያው በምልክቱ የልመናውን ምክንያት ሁሉ አሟልቶ መናገሩን ነው።

ከማስዩ እጅ ከተማሩት አንዱ ሎራን ክሌር ነው። አሜሪቃዊው ቶማስ ጋሎዴት አሊስ ኮግስዌል ለምትባል ለማትሰማ ሕፃን ሲል ጥበቡን ፍለጋ ወደ ኤውሮፓ ሄዶ ክሌርን ይዞ ተመለሰ፤ በ1817 ዓ.ም. በሃርትፎርድ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የጀርመኑ ሳሙኤል ሃይኒከ ግን በላይፕሲግ በ1778 ዓ.ም. በከፈተው ትምህርት ቤት ንግግር በአፍ ብቻ ይሁን የሚለውን ወገን አጽንቶ ነበር። ክርክሩ መቶ ዓመት ቆይቶ በ1880 ዓ.ም. በሚላኖ ጉባኤ ለዚህ ወገን ተፈረደለት። የማይሰሙ መምህራን ከብዙ ትምህርት ቤት ተሰናበቱ፤ ልጆችም በእጃቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ። ከንፈር አይተው ንግግርን የለዩ ቢኖሩም፥ ብዙዎቹ የልጅነታቸውን ዘመን ጥቂት ቃል ለማውጣት ሲደክሙ ፈጁት፥ ዕውቀት ግን አመለጣቸው።

በ1960 ዓ.ም. ዊሊያም ስቶኪ የተባለ መምህር የአሜሪቃ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን በጥናት አሳየ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በኮሎራዶ የተደረገ ጥናት፥ አለመስማታቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው ታውቆ ወዲያው የተረዱ ሕፃናት፥ ዘግይተው ከታወቁት ይልቅ በቋንቋ እንደሚበልጡ ገለጠ። በ2010 ዓ.ም. በቫንኩቨር የተሰበሰበው ጉባኤ የሚላኖን ውሳኔ ሽሮ ስለ ደረሰው ጉዳት ማዘኑን ተናገረ። ፍርዱ እስኪታረም 130 ዓመት ሆነ።

በኢትዮጵያም ፊደላችን በጣት ይነገራል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ሆሄያትም በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። እንግዲህ ፊደሉም መንገዱም አለ። የሚያስፈራው መዘግየት ነው። በምልክትም ቢሆን፥ በመስሚያ መሣሪያ ተረድቶ በድምፅም ቢሆን፥ ሕፃኑ ቋንቋ የሚያገኝበት ጊዜ ገና በእናቱ ዕቅፍ ሳለ ነው። ልጃቸው ሲጠሩት ዘወር የማይል ወላጆች ሲያድግ ይተወዋል ብለው አይጠብቁ፤ ፈጥነው ያስመርምሩት፥ እነርሱም ልጁ በሚገባው ቋንቋ መናገርን ይማሩ። የማስዩ አባት ልጁን ይወድ ነበር፤ ሆኖም በማይገባ ፍርድ የልጁን ዓመታት አሳለፈበት። ያ ፍርድ ዛሬ ሐሰትነቱ ስለ ተገለጠ፥ የሚደግመው ወላጅ ምክንያት የለውም።