የፍሎረንስ የድንጋይ አበቦች

ራእይ 21ን በቡድን ስታነቡ የምትሰናከሉበት ቦታ አለ፤ ኢያስጲድ፣ ኬልቄዶን፣ አሜቴስጢኖስ። ስሞቹን ነካ ነካ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። በጣሊያኗ ፍሎረንስ ግን እነዚህን ድንጋዮች ሲቆርጡና ሲያለሰልሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ባለሙያዎች ነበሩ። የከተማዋ ገዥ ፈርዲናንዶ ቀዳማዊ ደ ሜዲቺ በ1588 እ.ኤ.አ. ወርክሾፕ አቋቋመላቸው። ሥራቸው «ፒየትራ ዱራ» ይባላል፤ ጠንካራ ድንጋይ ማለት ነው።

ምን ያህል ጠንካራ? ከሮቤ ወርዳችሁ ሶፍ ዑመር ዋሻ ከገባችሁ፣ ወይብ ወንዝ በልቶ የቦረቦረውን የኖራ ድንጋይ አይታችኋል። እሱን ምስማር ይጭረዋል። ኢያስጲድን ግን ምስማር አይጭረውም። ታዲያ በምን ቆረጡት? እንጨት እንደ ደጋን ይጎብጥና ቀጭን ሽቦ ይወጠርበታል። የሚቆርጠው ሽቦው አይደለም፤ ከሥሩ የሚገባው በውኃ የራሰ ሻካራ ዱቄት ነው። በወረቀት የተሣለው ቅርጽ ስስ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፤ ሽቦው ጠርዙን ይዞ ቀስ እያለ ይሄዳል።

ቁርጥራጮቹ ክፍተት ሳይታይባቸው ይገጣጠማሉ፤ ብዙ ጊዜም መደቡ ጥቁር እብነ በረድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወፍ፣ ቢራቢሮ፣ አበባ፣ ፍራፍሬ ይወጣል። ቀለም ግን አልተቀባም! የወፏ ክንፍ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ የሚሄደው፣ ባለሙያው ያ ለውጥ በተፈጥሮው ያለበትን ድንጋይ ፈልጎ ስላገኘ ነው። ከመቁረጡ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይህ ፍለጋ ነው።

በ1726 እ.ኤ.አ. ሄንሪ የተባለ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ መስፍን ከዚሁ ወርክሾፕ አንድ ቁም ሳጥን አዘዘ። (በ19 ዓመታችሁ እናንተ ምን ታዝዙ ነበር?) ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች 6 ዓመት ለፉበት። ቁመቱ 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ መሳቢያዎቹ በድንጋይ ወፎችና አበቦች ተሞልተዋል። በ2004 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ19 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጦ ወደ ቪየና ሄደ።

ዘጸአት 31 ድንጋይ ቀራጩን ባስልኤልን ከነአባቱና ከነአያቱ ስም ይጠራዋል። ይህ ቁም ሳጥን ግን የሚጠራው ባድሚንተን ተብሎ ነው፤ በመስፍኑ መኖሪያ ቤት ስም። የምታውቁት የባድሚንተን ጨዋታም ስሙን ያገኘው ከዚያው ቤት ነው። በሠላሳዎቹ ሰዎች ስም ግን አልተጠራም።