ሰርቭሌት፦ ልደቱ፣ አገልግሎቱና ስንብቱ



ከዓመታት በፊት በአንድ ተቋም የፈተና ውጤት ማሳያ ሥርዓት ላይ እሠራ ነበር። አንዲት ተማሪ በራሷ መለያ ቁጥር ገብታ የሌላ ተማሪ ውጤት እንደ ወጣላት ነገረችን። ለብቻችን ስንሞክረው ስሕተቱ ጠፋ፤ ተጠቃሚ ሲበዛ ተመልሶ መጣ። መነሻው ከአንድ የታሪክ መታጠፊያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደዚያው ልውሰዳችሁ።

በ1993 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ የሱፐርኮምፒዩተር ማዕከል ሲጂአይ የተባለው ስልት ተጀመረ። በዚህ ስልት ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ፕሮሰስ ይነሣል፤ መልሱን ሰጥቶም ያልፋል። ሺህ ጠያቂ ሲመጣ ሺህ ልደትና ሺህ ሞት ማለት ነው። ብክነቱን ሁሉም ያነሣል፤ በጎነቱን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት፦ የአንዱ ጠያቂ ጉዳይ ከሌላው ጋር በአንድ ሜሞሪ ውስጥ አይገናኝም ነበር።

ሰን ማይክሮሲስተምስ በጃቫ ቋንቋ ያዘጋጀው ሰርቭሌት ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ኮንቴይነር የሚባለው አስተናጋጅ ሰርቭሌቱን አንድ ጊዜ ይፈጥርና «ኢኒት» የተባለውን ሜተድ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎች ሁሉ፣ በተለያዩ ትሬዶች፣ በዚያው በአንዱ ኦብጀክት «ሰርቪስ» በኩል ያልፋሉ፤ በስንብቱ ጊዜ «ዲስትሮይ» ይጠራል። ፍጥነቱ የተገኘው አንዱ አገልጋይ ለሁሉም በመዋሉ ነው፤ የእኛም ችግር የመነጨው ከዚያው ነበር። የተማሪውን መለያ ቁጥር በሰርቭሌቱ ፊልድ ላይ አኑረን ስለነበር፣ የመጀመሪያው መልሱን ሳያገኝ ሁለተኛው ይደርብበታል።

«ሲንግል ትሬድ ሞዴል» የተባለ መላ ተሰጥቶ ነበር፤ ይሁንና ሴሽንንና ስታቲክ ተለዋዋጮችን ስለማይጠብቅ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 2.4 እንዳይሠራበት ተመከረ። እኔ እንደማምነው ከጥቅሙ ያሳሳተው ይበልጣል።

ስለ አወቃቀሩም ጥቂት ልበል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት 2.2 የየሰርቨሩን የተለያየ አሠራር «ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል» በተባለ አንድ ፋይል ተካ፤ ስሙ፣ የመነሻ እሴቶቹና የሚመልስበት አድራሻ እዚያ ሰፈሩ። በ2009 እ.ኤ.አ. ስሪት 3.0 ይህንኑ በአኖቴሽን ኮዱ ላይ ለመጻፍ ፈቀደ። ወጣቶች ይህን ይመርጣሉ፤ እኔ ግን ሥርዓቱን በአንድ ገጽ ማንበብ ስለሚያስችል ለአሮጌው ፋይል አደላለሁ።

ያንን ፊልድ ወደ ሜተዱ ውስጥ አዛወርነው፤ ለውጡ ሁለት መስመር ነበር። ለተማሪዋም ውጤቷን በወረቀት አትመን ሰጠናት፤ በስክሪኑ ላይ ያላትን እምነት ገና አልመለሰችም ነበርና።