ክሬዲት ካርድ ላይ ወለድ የሚጀምረው መቼ ነው?

አሜሪካ ገብታችሁ የመጀመሪያ ክሬዲት ካርዳችሁን ለያዛችሁ ነው የምንጽፈው።

በካርዱ ዕቃ ስትገዙ ወለድ ወዲያው አይጀምርም። ወሩ ተዘግቶ ቢል ሲመጣ፣ አብዛኞቹ ካርዶች ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣሉ። በዛ ጊዜ ውስጥ ሙሉውን ከከፈላችሁ ወለድ የለም።

ችግሩ ቢሉ ላይ ያለችው "ሚኒመም ፔይመንት" ናት። 1,000 ዶላር ተበድራችሁ "30 ብቻ ክፈሉ" ስትላችሁ ደስ ትላለች አይደል? እሷን መክፈል ከመዘግየት ቅጣት ያድናል እንጂ ከወለድ አያድንም። ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ ነው። የዓመቱ 24 በመቶ ከሆነ ለ365 ይካፈላል፤ 1,000 ዶላር ላይ በቀን 66 ሳንቲም፣ በወር 20 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ከ30ው ውስጥ ዕዳውን የሚቀንሰው 10 ዶላር ብቻ ሆነ!

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ቀሪ ዕዳ ካለባችሁ ያ የነፃ ጊዜ ይቀራል። ዛሬ የገዛችሁት ቡና እንኳን ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል።

ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ስታወጡማ ነፃ ጊዜ ጭራሽ የለም፤ በዛ ላይ ኮሚሽን አለው። በክሬዲት ካርድ ለቤተሰብ ብር ስትልኩም ብዙ ባንኮች የሚያዩት እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው። ለሐዋላ ዴቢት ካርድ ተጠቀሙ እንላለን።