ኢማም አል-ገዛሊ ወንበራቸውን ሲለቁ

ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በባግዳዱ የኒዛሚያ መድረሳ እንዲያስተምሩ በ484 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1091) ሲሾሙ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። መድረሳውን ያሠሩት የሰልጁቆች ወዚር ኒዛም አል-ሙልክ ናቸው። ከኢማሙ ፊት 300 ያህል ደረሶች ይቀመጡ ነበር፤ ባለሥልጣናትም ያከብሯቸው ነበር።

ውድ አንባቢ! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ኢማሙ ግን ንያቸውን መመርመር ያዙ። የማስተምረው ለአላህ ብዬ ነውን ወይስ ለክብርና ለዝና? መልሱ አስደነገጣቸው። ሆኖም ማወቅ ሌላ፣ መተው ሌላ ነውና ከረጀብ ወር 488 (እ.ኤ.አ. 1095) ጀምሮ ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሲዋልሉ ከረሙ፤ ጠዋት ለመሄድ ይቆርጣሉ፣ ማታ ሐሳባቸው ይፈርሳል። «ከነገ ጀምሮ እተዋለሁ» እያልን ዓመታት የምናሳልፍ ሰዎች ይህ አይጠፋንም። በመጨረሻ አንደበታቸው ተያዘ። ለማስተማር ቢሞክሩም ቃል አልወጣ አለ፤ ምግብም አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞቹም ሕመሙ ከልብ የመጣ እንጂ በመድኃኒት የሚድን አይደለም ብለው ተስፋ ቆረጡ።

በዚያው ዓመት ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው ወጡ። እውነተኛ ሐሳባቸው ግን ወደ ሻም መሄድ ነበር፤ ኸሊፋውና ወዳጆቻቸው እንዳይከለክሏቸው ሰግተው ደበቁት። ገንዘባቸውን ሲያከፋፍሉ ለልጆቻቸው የሚበቃ ቀለብ አስቀርተዋል። ታሪኩ ሲነገር ይህች ነገር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ለእኔ ግን ትልቅ ቦታ አላት፤ ሰውየው ዝናቸውን ጣሉ እንጂ ቤተሰባቸውን አልበተኑም።

በደማስቆ ሁለት ዓመት ያህል በኸልዋ ቆዩ። ቀን ቀን የታላቁ መስጊድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን በራሳቸው ላይ ይዘጉ ነበር። ከዚያ ወደ በይተል መቅዲስ፣ ቀጥሎም ወደ ሐጅ ሄዱ። በኋላ የልጆቻቸው ጥሪ ወደ አገራቸው መለሳቸው። «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» የተሰኘው ታላቁ ኪታባቸው የነዚህ የስደት ዓመታት ፍሬ ነው።

በ499 (እ.ኤ.አ. 1106) ኒሻፑር ውስጥ እንደገና ለማስተማር ተቀመጡ። ታዲያ መተዋቸው ምን ፈየደ? እሳቸው ራሳቸው ለዚህ መልስ ሰጥተዋል፦ ድሮ ያስተማሩት ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት ነበር፤ አሁን ግን ክብር የሚጣልበትን። ብዙም ሳይቆዩ ይህንንም ወንበር ትተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ጡስ ተመለሱ። ከቤታቸው አጠገብ በነበረች መድረሳ ሲያስተምሩ ቆይተው በ505 (እ.ኤ.አ. 1111) እዚያው አረፉ።